«አይኤስኦ አምጡ» ለተባለው የኮምቦልቻ ወርክሾፕ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኮምቦልቻ ላይ የብረትና የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። ከእኔ ጋር 14 ነን። በርና መስኮት እንሠራለን፤ ዋናው ገቢያችን ግን የትምህርት ቤት ኮምባይንድ ዴስክ ነው። አንድ ትልቅ ገዢ ‹አይኤስኦ ካላችሁ እንነጋገር› አለን። አንድ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ ‹በሦስት ሳምንት ሰርተፍኬቱን አስጨርሳለሁ፣ እናንተ ጋ መምጣትም አያስፈልገኝም› አለኝ። ግማሹን ቅድሚያ ክፈል ይላል። ልክፈል? ይሄ ነገርስ ለእኛ ዓይነቱ ትንሽ ድርጅት ይሆናል? አብዛኞቹ ልጆች ብየዳውን እንጂ ወረቀቱን አይወዱም።»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለደወለው ሰው ብር እንዳይልኩ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

አይኤስኦ ጄኔቫ ላይ ተቀምጦ ደረጃ፣ ማለትም ድርጅቶች የሚያሟሉትን የተጻፈ መስፈርት፣ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም። ሰርተፍኬት የሚሰጡት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። እነሱንም ደግሞ የሚመረምር አለ፤ ይህ ምርመራ አክሬዲቴሽን ይባላል። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተከፍሏል። ዛሬ ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው። ፈትሾ ሰርተፍኬት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። ሚዛንና መለኪያ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው የሥነ-ልክ ተቋሙ ነው። አራተኛው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው፤ ሥራው ፈታሾቹን መፈተሽ ነው። ከተስማሚነት ምዘና ድርጅት ሌላ የውጭ አገር ሰርተፍኬት ሰጪዎችም አሉ።

የደወለልዎ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ነው? ይህን ይጠይቁት። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ፣ ለዚያ ድርጅት አክሬዲቴሽን የሰጠው ማን እንደሆነ በስም ይንገርዎ። ከዚያ ስሙን ይዘው ራሳቸው አክሬዲቴሽን ሰጪዎቹ ጋ ያጣሩ። አይኤኤፍ ሰርትሰርች የሚባል ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መፈለጊያም አለ፤ የብዙ ድርጅቶች ሰርተፍኬት እዚያ ላይ ይታያል።

ሁለተኛ፣ «መምጣት አያስፈልገኝም» ያለው ብቻውን ይበቃል። ሕጋዊው ምርመራ ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር ኦዲተሩ (መርማሪው) ዝግጁ መሆንዎን ያያል። ይሄኛው ከፊሉ በርቀትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዙር ግን ሥራው የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው። ኦዲተሩ በያጁ አጠገብ ቆሞ ይጠይቃል፣ መጋዘን ይገባል፣ ደብተር ይከፍታል። ይህን ሳያደርግ የተሰጠ ሰርተፍኬት ገዢው በስልክ ሲያጣራ አንድ ቀን ያዋርድዎታል። ያኔ የሚጠፋው የከፈሉት ብር ብቻ አይደለም። ስምዎም ነው።

ሦስተኛ፣ ሥርዓቱን (የአሠራር ደንቡንና መዝገቡን) የሚሠራልዎና ሰርተፍኬቱን የሚሰጥዎ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። አማካሪና መርማሪ መለያየታቸው በዓለም አቀፉ ደንብ ላይ የተጻፈ ግዴታ ነው። «ሁለቱንም እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ይህን ያስታውሱ።

አሁን ወደ ገዢው እንመለስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። «አይኤስኦ ካላችሁ» ሲል የትኛውን ማለቱ ነው? አይኤስኦ በሺዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎች አሉት። 9001 የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ነው። 22000 የምግብ ደህንነት ነው። 14001 የአካባቢ ጥበቃ ነው። ምናልባት ገዢው የፈለገው ከነዚህ አንዱንም ላይሆን ይችላል። ዴስኩ ክብደት እንደሚችል የሚያሳይ የላቦራቶሪ ፍተሻ ፈልጎ በልማድ «አይኤስኦ» ብሎት ሊሆን ይችላል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። 9001 ስለ ዴስኩ አይመሰክርም። የሚመሰክረው ዴስኩን የሚሠራው ድርጅት ሥራውን እንዴት እንደሚመራ ነው። ስለ ዴስኩ የሚመሰክረው የምርት ፍተሻ ነው፤ ክፍያውም መንገዱም ሌላ ነው።

ስለዚህ በደብዳቤ ይጠይቁት፦ የትኛውን ደረጃ ነው የምትፈልጉት? ግዴታ ነው ወይስ ነጥብ የሚያሰጥ? እስከ መቼ? ሰርተፍኬቱ እስኪመጣ ድረስ ራሳችሁ መጥታችሁ ወርክሾፓችንን ብታዩ ይበቃል ወይ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳይረሷት። አንዳንድ ገዢ የሚፈልገው ነገ ዴስኩ ቢሰበር የሚጠየቅ ሰውና የሚታይ መዝገብ መኖሩን ብቻ ነው። መጥቶ አይቶ ከረካ ሰርተፍኬቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየዋል። ጨረታ ከሆነ ደግሞ የጨረታ ሰነዱን መስመር በመስመር ያንብቡት። በአፍ የተባለውና በወረቀት የተጻፈው የሚለያይበት ጊዜ አለ።

«ለእኛ ዓይነቱ ይሆናል ወይ?» ላሉት፣ አዎ ይሆናል። 9001 ስለ ድርጅት መጠን ምንም ገደብ አያስቀምጥም። ሦስት ሰው ያለው ድርጅትም ሰርተፍኬት ያገኛል። እንዲያውም ትንሽ ድርጅት አንድ ጥቅም አለው፦ ባለቤቱ ሁሉንም በዓይኑ ያያል። ችግሩ ባለቤቱ ሠርግ ሲሄድ ወይም ሲታመም ሥራው አብሮ መታመሙ ነው። 9001 ለትንሽ ድርጅት ያለው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን እውቀት አውጥቶ ልጆቹ እጅ ላይ ያስቀምጣል።

ደረጃው የሚጠይቀውን በአንቀጽ ቁጥር ብዘረዝርልዎ ይሰለቻሉ። በአንድ ዴስክ ላይ ላሳይዎ።

ትዕዛዙ በስልክ ይመጣል። «60 ዴስክ፣ እንደ ባለፈው» ይላል ርዕሰ መምህሩ። የባለፈው የትኛው ነው? ለአንደኛ ደረጃ የተሠራው አጭሩ ወይስ ለሁለተኛ ደረጃው? ቀለሙስ? ማድረሱ በማን ነው? ደረጃው የሚለው ቀላል ነው፦ ከመቀበልህ በፊት የተጠየቅከውን እወቅ፣ መቻልህን አረጋግጥ፣ የተስማማችሁበትን ያዝ። ለዚህ ባለ አንድ ገጽ የትዕዛዝ ቅጽ ይበቃል። ቅጹን ሞልተው ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ለርዕሰ መምህሩ ይላኩለት። «አዎ» ካለ ያ መልእክት ራሱ መዝገብ ነው። ስልኩ ሲጠፋ መዝገቡም አብሮ እንዳይጠፋ ግን ሌላ ቦታ ይገልብጡት።

ቀጥሎ ብረት ይገዛል። ዴስክ ላይ ብዙ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ብለው አዝዘው 1.2 የሚመጣበት ጊዜ አለ። በዓይን አይለይም። ቀለም ከተቀባ በኋላማ ማንም አያውቀውም። ግን 20 በመቶ የግድግዳው ውፍረት ጠፍቷል። ልጆች ሲወዘወዙበት ይጎብጣል። መድኃኒቱ አንድ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) እና አንድ ደብተር ነው። መኪናው ላይ እያለ ከየጥቅሉ አንዱን ይለኩ፣ ውጤቱን ይጻፉ፣ ካልሆነ አያራግፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ የትኛው ነጋዴ እንደሚያታልል ራሱ ይነግርዎታል። ደረጃው «አቅራቢህን መዝን» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው። ለዚህ ልዩ ባለሙያ አያስፈልግም።

ሜትሩስ? ወርክሾፕዎ ውስጥ ያሉትን ሜትሮች ሁሉ ሰብስበው አንድ ቱቦላሬ ላይ ይዘርጓቸው። አንድ ዓይነት ካነበቡ ደስ ይበልዎ። ብዙ ጊዜ ግን ጫፉ ላይ ያለችው ምላስ የታጠፈችበት አንድ ሁለት ይገኛል። ምላሷ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለቷ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የራሷን ውፍረት ለማካካስ ነው። የታጠፈች ከሆነች ግን ሜትሩ ይጣል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ አንድ ጥሩ ሜትርና አንድ ካሊፐር ይግዙ፣ ካሊብሬት ያስደርጓቸው (ልክ መሆናቸውን ያስመሳክሩ)፣ ቢሮ ውስጥ ይቆለፍባቸው። ለሥራ አይወጡም። የልጆቹ ሜትሮች በየወሩ ከነሱ ጋር ይመሳከራሉ። እንዲህ ሲሆን ለካሊብሬሽን የሚከፍሉት ለሁለት መሣሪያ ብቻ ይሆናል። ሁሉንም ሜትር ልኮ ማስለካት ለእናንተ ዓይነቱ ድርጅት ብክነት ነው።

ወደ ብየዳው ስንገባ የኮምቦልቻን መብራት እርስዎ ያውቁታል። ኃይሉ ሲወርድ ብየዳው ላይ ላዩን ይያዛል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ከላይ ያማረ ይመስላል። ሁለት ወር ቆይቶ የእግሩ መጋጠሚያ ላይ ይሰነጠቃል። ደረጃው «ሥራህን የሚያበላሽብህን ነገር አስቀድመህ አስብ» ይላል። ለእርስዎ መልሱ አንድ መመሪያ ነው፦ ኃይል ሲወርድ ክብደት የሚሸከም መጋጠሚያ አይበየድም፤ ያን ጊዜ ቆረጣ በእጅ፣ ፍቆ ማለስለስ፣ ቀለም ይሠራል። ይህን በትልቁ ጽፈው ማሽኑ አጠገብ ይለጥፉት። ኤሌክትሮዱም እንደዚሁ ነው። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ብየዳውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። ክረምት ላይ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይግባ።

የመጀመሪያው ዴስክ ከፎርማው (ብረቱ ተይዞ ከሚበየድበት ቅርጽ መያዣ) ሲወጣ ሥራው ይቁም። ርዝመቱ፣ ቁመቱ፣ በስኳድራ ማዕዘኑ ይለካ። አራቱም እግር ወለሉን ይንካ። ፎርማኑ (የሥራ ኃላፊው) ይፈርም። ከዚያ 59ኙ ይቀጥል። ፎርማው ራሱ ተጣምሞ 60ውም ተጣምሞ ከሚወጣ አንዱ ላይ ሩብ ሰዓት ማጥፋት ይሻላል። እኔ ለአንድ ትንሽ ድርጅት ከሁሉ አስቀድመህ አንድ ነገር ብቻ ጀምር ብባል ይህን ነው የማስጀምረው።

የተበላሸውን ምን ታደርጉታላችሁ? አብዛኛው ቦታ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ተብሎ ከደህናው ጋር ይቆማል። ከዚያ መኪና ሲመጣ በችኮላ አብሮ ይጫናል። ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ጥግ ይኑራችሁ። የተበላሸ ሁሉ እዚያ ይቁም፤ ባለቤቱ ወይም ፎርማኑ ሳይፈቅድ ከዚያ አይነሳም።

ማድረሱም የጥራት ጉዳይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ የሐረጎን ዳገትና ጠመዝማዛ ያውቁታል። ዴስክ በዴስክ ላይ ተጭኖ ያን መንገድ ሲወጣ ቀለሙ ተፋቅቶ ይደርሳል። ርዕሰ መምህሩ «አሮጌ አመጣችሁልኝ» ይላል። በመሃል ካርቶን ማስገባት፣ በገመድ ማሰር፣ ከማራገፉ በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሳት በቂ ነው። ደሴ ላይ የምትገጥሙት በርና መስኮት ካለ ደግሞ የደሴን ጉምና ብርድ አይርሱ። ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ ቶሎ የሚደርቀው ቀለም እዚያ ይዘገያል። ስለዚህ የማድረቂያ ጊዜው ለሁለቱ ከተማ ለየብቻ ይጻፍ።

በመጨረሻ አንድ ዴስክ ተሰብሮ ይመለሳል። የደረጃው ልቡ ያለው እዚህ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ይቅርታ ጠይቀን፣ በይደን፣ መልሰን እንልካለን። ደንበኛውም ይደሰታል። ግን ለምን ተሰበረ? ብረቱ ቀጭን ነበር? መብራቱ ወርዶ ነበር? የበየደው አዲሱ ልጅ ነበር? ካልተጠየቀ በሚቀጥለው ወር ሌላ ይመለሳል። ለዚህ አንድ ደብተር ይኑርዎ። አራት ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ ምን ሆነ፣ ለጊዜው ምን አደረግን፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ እንዳይደገም ምን ቀየርን። ከዚያ ከወር በኋላ ተመልሰው «ሠርቷል ወይ?» ብለው ይዩት። ሁሉም ዴስክ ላይ፣ ከሥሩ፣ የተሠራበትን ሳምንትና የበያጁን ቁጥር የሚያሳይ ምልክት በነጥብ መቺ ቢመቱበት ምክንያቱን ፍለጋ በደቂቃ ያልቃል። ምልክቱ ልጆቹን ለመቅጣት እንዳይሆን ግን አደራ። ቅጣት ከመጣ ስህተት መደበቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደብተሩ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ 9001 ከሚጠይቀው አብዛኛውን አድርጋችኋል። የሚቀረው ጥቂት ነው። አጭር የጥራት ፖሊሲ፣ የሚለካ ዓላማ፣ ማን ምን መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር፣ የውስጥ ኦዲት (ራሳችሁ የምታደርጉት ምርመራ)፣ የአመራር ግምገማ (ባለቤቱ ሥርዓቱ መሥራቱን የሚገመግምበት)። ዓላማ ሲጽፉ «ደንበኛን ማርካት» ብለው አይለፉት። «ከ100 ዴስክ ተመልሶ የሚመጣውን ከ5 ወደ 2 ማውረድ» ዓይነት ይሁን፤ ቁጥሩን ከራስዎ ደብተር ያውጡ።

ስለ ወረቀቱ ያነሱት ስጋት ይገባኛል። ግን አብሽሩ። ከእ.ኤ.አ. 2015 እትም ወዲህ «የጥራት ማንዋል» የሚባለው ግዴታ አይደለም። ድሮ በግድ ይጻፉ ይባሉ የነበሩት ስድስት የአሠራር መመሪያዎችም ግዴታነታቸው ቀርቷል። «የአመራር ተወካይ» ብሎ አንድ ሰው መሾምም እንደዚሁ። ሆኖም ዛሬም ድረስ ወፍራም ፎልደር ይዘው የሚዞሩ አሉ። የሌላ ፋብሪካ ስም ተሰርዞ የእርስዎ ስም የገባበት ነው። እንዲህ ያለውን አይቀበሉ። ኦዲተሩ የሚጠይቅዎ በዚያ ፎልደር ውስጥ የተጻፈውን ነው። ያልጻፉትንና የማያውቁትን ደንብ ጥሳችሁ ትገኛላችሁ።

ደረጃው እንግሊዝኛም አይጠይቅም። በአማርኛ ይጻፉት። መጻፍ የማይወዱት ልጆች በፎቶና በናሙና ይሥሩ። ጥሩ ብየዳና መጥፎ ብየዳ ቆርጠው ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፤ አንዱን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ ይቀቡት። ይህ ከአሥር ገጽ መመሪያ በላይ ያስተምራል፤ ኦዲተርም ይቀበለዋል። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መጥተው ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ካሠለጠኗችሁ ደግሞ ያ አልባከነም። የዕቃ ቦታ ማስያዙ፣ የልማት ቡድን ስብሰባው፣ ሰሌዳው ሁሉ እዚህ ይጠቅማል። ካይዘን ሰርተፍኬቱን አይተካም፤ ግን ካይዘን የገባበት ወርክሾፕ ከግማሽ መንገድ ነው የሚጀምረው።

የውስጥ ኦዲቱን ማን ያድርግ? ሰው የራሱን ሥራ አይመረምርም፤ ሕጉ ይሄ ነው። ፎርማኑ ግዢውንና መጋዘኑን ይይ፣ ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ደግሞ ወርክሾፑን ትይ። ወይም ከሚያምኑት ሌላ ወርክሾፕ ጋር ተቀያየሩ፤ እናንተ የእነሱን፣ እነሱ የእናንተን። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ከነዚህ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ጡረታ የወጣ ወይም የለቀቀ ሰው በሰፈርዎ አይጠፋም። ለአንድ ቅዳሜ ቡና አፍልተው ይጋብዙት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ለልምምድ የሚወጡ የምህንድስና ተማሪዎች አሉ፤ ቅጽ በማዘጋጀትና መረጃ በማጠናቀር ይረዷችኋል። ባለቤትነቱ ግን የእናንተ ይሁን። ተማሪው ሲሄድ ሥርዓቱም አብሮ ከሄደ ምንም አልተሠራም።

ጊዜውን በተመለከተ «ሦስት ሳምንት» የሚባለው የማይሆነው ለዚህ ነው። ኦዲተሩ የሚያየው ሥርዓቱ መጻፉን ብቻ አይደለም፤ ሲሠራበት መቆየቱንም ነው። ቢያንስ የሦስት ወር መዝገብ፣ አንድ ሙሉ የውስጥ ኦዲት፣ አንድ የአመራር ግምገማ ይዘው ይቅረቡ። ከዜሮ ለሚጀምር የእናንተ ዓይነት ድርጅት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ብሎ ማሰብ ጤናማ ነው።

ወጪውን በብር አልነግርዎትም፤ ዋጋው እንደ ድርጅቱና እንደ ጊዜው ይለያያል። ግን የሚነግሩዎትን ዋጋ የሚመዝኑበትን መንገድ ልስጥዎ። ክፍያው የሚሰላው በኦዲተር ቀን ነው። ለ9001 የመጀመሪያ ምርመራ ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መነሻ ያስቀምጣል፦ ከ1 እስከ 5 ሰው ላለው አንድ ቀን ተኩል፣ ከ6 እስከ 10 ሁለት ቀን፣ ከ11 እስከ 15 ሁለት ቀን ተኩል፣ ከ16 እስከ 25 ሦስት ቀን። እናንተ 14 ስለሆናችሁ መነሻችሁ ሁለት ቀን ተኩል ነው፤ ሁለቱም ዙር ተደምሮ። እንደ ሥራው ክብደት ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ስድስት ቀን ካሉዎ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ግማሽ ቀን ካሉዎም እንደዚያው፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

ሰርተፍኬቱ ሦስት ዓመት ይቆያል። ግን በየዓመቱ የክትትል ኦዲት አለ፤ የመጀመሪያው ክትትል ሰርተፍኬቱ ከተሰጠበት ውሳኔ 12 ወር ማለፍ የለበትም። የክትትሉ ቀን የመጀመሪያውን ሲሶ ያህል ነው። በሦስተኛው ዓመት እድሳቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ የሦስቱን ዓመት ድምር ይጠይቁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይፈርማል፤ በሁለተኛው ዓመት ክትትሉን መክፈል አቅቶት ሰርተፍኬቱ ይታገድበታል። የኦዲተሩ ትራንስፖርትና አበልም አለ። ከአዲስ አበባ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚመጣው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰርተፍኬት የሚፈልጉ ሌሎች ድርጅቶችን ካገኙ በአንድ ሳምንት አስይዙት፤ መንገዱን ትካፈላላችሁ። ምርመራው ግን ለየራስ ነው።

የኦዲቱ ቀን ሲደርስ ልጆቹን ፖሊሲ በቃላቸው እንዲያጠኑ አያስጨንቋቸው። ኦዲተሩ በያጁን «ብረቱ ቀጭን ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ሲለው ልጁ ቀዩን ጥግ ካሳየው ከየትኛውም ሽምደዳ ይበልጣል። የማያውቁትን «አላውቅም፣ እሱን የሚያውቀው እከሌ ነው» ይበሉ። ጉድለት መገኘቱ አያስደንግጥዎ። ቀላል ጉድለት ከሆነ የማስተካከያ ዕቅድ ያስገባሉ፤ ከባድ ከሆነ ተስተካክሎ እስኪረጋገጥ ሰርተፍኬቱ ይቆያል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ካልተረጋገጠ ግን ያ ዙር ይደገማል።

ሰርተፍኬቱ ከመጣ በኋላ ዴስኩ ላይ «አይኤስኦ 9001» ብለው እንዳይጽፉ። ምርቱ የተመሰከረለት ስለሚያስመስል ክልክል ነው። የአይኤስኦን የራሱን አርማ መጠቀምም አይቻልም። ደብዳቤያችሁና ማስታወቂያችሁ ላይ ሰርተፍኬት ሰጪው በፈቀደው መንገድ መጠቀም ይቻላል።

ውል ስትፈርሙ ሁለት ነገር ይዩ። አንዱ እትሙ ነው፤ ውሉ በሥራ ላይ ባለው እትም መሆኑን ያረጋግጡ። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣ ወዲህ በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተሻሽሏል። በ2024 ደግሞ አጭር ጭማሪ ገብቶበታል፦ የአየር ንብረት ለውጥ ሥራህን ይነካል ወይ ብለህ አስብ ይላል። ለእናንተ ይህ ባዶ ጥያቄ አይደለም። ወርክሾፑ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ከሆነ ክረምት ላይ መጋዘኑ ውሃ ይገባዋል ወይ? ቱቦላሬው ከወለል ስንት ከፍ ብሎ ተቀምጧል? ይህን ጽፈው ካስቀመጡ መልሰዋል።

ሌላው ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጻፈው የሥራ ወሰን ነው። «የብረታ ብረት ሥራ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ገዢው «ዴስክ የት አለ?» ይልዎታል። «ከብረትና ከእንጨት የትምህርት ቤት ዴስክ፣ በርና መስኮት ማምረትና መግጠም» ይባል። ዴስኩን በገዢ ንድፍ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የንድፍ ሥራውን አንቀጽ «አይመለከተንም» ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱን መጻፍ ግን አለባችሁ። ንድፉን ራሳችሁ የምታወጡት ከሆነ ግን መተው አይቻልም። ገዢዎ ሲመጣ ስለዚህ ወሰን ይጠይቃል ብዬ እገምታለሁ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ገዢው በጽሑፍ 9001 ግዴታ ነው ካለ፣ ሥራውም ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ይግቡበት። እንደዚያ ካልሆነ ደግሞ ከላይ የነገርኩዎትን ደብተሮች ያለ ሰርተፍኬት ስድስት ወር ይሥሩባቸው። ብረት መለካቱና የመጀመሪያውን ዴስክ መፈተሹ የተመላሽ ዴስክ ወጪን ይቀንሳሉ፤ ለዚያ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። የገዢው መልስ ሲመጣ ወሰኑን በጽሑፍ አዘጋጅተው ይላኩልኝ፤ ሰርተፍኬት ሰጪ ጋ ከመሄድዎ በፊት አይቼው እመልስልዎታለሁ።